በግራ እጅ የተሰጠ ተምር

ከአክስቴ ልጅ ከይርጋ ጋር የተጻጻፍነውን በዕለት ማስታወሻዬ ላይ በቀኑ በቀኑ ገልብጬዋለሁ። የንግግር ነገር በስልክ ይካዳል፤ ስለዚህ ሁልጊዜም በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክለት። እሱም እንዲሁ ለመደ።

መርሳ፣ ሰኔ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለይርጋ፣ ሮተርዳም

አላህ ባለህበት አገር ጤናና ሰላም ያብዛልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ሲቲ «ለየሺ ልጅ ሰላም በይልኝ፤ የደከመው ጉልበቴ እንጂ ምላሴ አይደለም» ብላለች። ማሾ ዘንድሮ ዋጋው ደህና ስለሆነ በንግዱ አላማርርም።

ከካሴታችን ያሳተማችሁት ዲቪዲ በሰው እጅ ደረሰን። ሳጥኑ ያምራል፤ ወረቀቱም ወፍራም ነው። ስለ ውስጡ ግን እንደ ነጋዴ ልንገርህ።

ከሦስት ዓመት በፊት ስትመጣ የቪዲዮ ካሴቱን ከእማዬ ሣጥን አውጥቼ «ሻጋታ ሳይበላው አጽዳልንና መልስልን» ብዬ በእጅህ አስያዝኩህ። በ1984 ለጤና ጣቢያው ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ወንድሜ ዓሪፍና ጓደኞቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የተጫወቱት ነው። ከጅዳ የተመለሰ ሰው ካሜራ በትከሻው ተሸክሞ ቀረጸው። ዓሪፍ ብዙም ሳይቆይ በወባ ሞተ። ሲንቀሳቀስ የሚያሳየን ሌላ ነገር በዚህ ዓለም ላይ የለም።

ምስሉን ለአዲሱ ሰፊ ቴሌቪዥን ይመች ብላችሁ ከላይም ከታችም ቆርጣችሁታል፤ ሰዎቹ ያለ ግንባር ይዘፍናሉ። የጓደኛው የበላይ ድራም በሌላ ሰው ድራም ተሸፍኗል። ወልድያ ድረስ ወስጄ ባሳየው «ይሄ ሰውዬ ከእኔ ይሻላል፤ ማን ይባላል?» አለኝ። ያልነበረ ኪቦርድ ገብቷል። ጭብጨባውም የእኛ አይደለም፤ እኛ ያን ቀን እልል ነው ያልነው።

ይህን ሁሉ ዋጥኩት። ያልዋጥኩት ሌላ ነው። ዓሪፍ ግራኝ ነበር። ሽማግሌያችን ሐጂ ኡበይደላ «ለመብል ቀኝህን፣ ለክሩ ግራህን» ብለው የፈቀዱለት ከእኛ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጠህ ነው። በዲቪዲው ላይ ግን ጊታሩ በቀኝ ይመታል። ምስሉን ገልብጣችሁታል። እሱ ሲገለበጥ ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ተገለበጠ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሐጂ ኡበይደላ ለተጫዋቾቹ ተምር የሚያድሉት በግራ እጃቸው ሆነ! ተቀባዩም በግራው ይቀበላል፤ በግራው ይጎርሳል። ልጃቸው ሙሄዲን አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «አባቴ ለድመት እንኳ በግራው ሰጥቶ አያውቅም» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ዝምታውም የለም። ሦስተኛው ዜማ መሐል የመግሪብ አዛን ሲሰማ ዓሪፍ እጁን ከክሩ አንስቶ፣ በላይም እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አዛኑ እስኪያልቅ ጠብቀው ካቆሙበት ምት ላይ ነው የቀጠሉት። ዓሪፍ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ፊቱ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጁ ነው የሚታየው። እሱን ቆርጣችሁ ጣላችሁት። የቀረው እጅ ነው፤ ከእጁም ሥር በሽፋኑ ላይ «ሊድ ጊታር፦ ይርጋ» ይላል።

እማዬ እስከ መጨረሻው አየችው። «እጁ የልጄ ነው፤ ፊቱስ?» አለች።

ስለ ሽፋኑ ጽሑፍ ዛሬ አልጠይቅህም። ካሴቱን ላክልን።

እህትህ ሁሪያ

ሮተርዳም፣ ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም ሁሪያ

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ከክፉ ወሬ ያርቃችሁ። የእትዬ ሲቲን ጉልበት ሳሚልኝ። ከራያ በኩል የሚሰማው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ለስኳር መድኃኒታቸው ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ በስምሽ ነው።

ስለ ዲቪዲው የጻፍሽው አሳዘነኝ። እዚህ ያዩት ሁሉ ወደውታል። ዝም ያለውን ቦታ የቆረጠው ዲቪዲውን ያወጡት የሆላንድ አሳታሚዎች ባለሙያ ነው፤ ካሴቱ የተበላሸ መስሎት። የግራና የቀኙም ነገር የማሽን ጉዳይ ነው። ፈረንጅ በየትኛው እጅ ተምር እንደሚሰጥ ምን ያውቃል? የሽፋኑንም ጽሑፍ እነሱ ናቸው ያደረጉት፤ እኔም ካሳተሙት በኋላ ነው ያየሁት። ሙሉው ቅጂ የእነሱ ንብረት ስለሆነ ልልክልሽ አልችልም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሁለተኛ እትም ሊያወጡ ነው፤ በመጪው ግንቦትም በአንድ ትልቅ የሙዚቃ በዓል ላይ ጊታር እንድጫወት ጠርተውኛል። እታለም፣ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ስጭን ስጠርግ ኖሬያለሁ፤ ስሜን አስተካክለው የጠሩኝ ሰዎች እነዚህ ናቸው። የሚፈልጉት አንድ ወረቀት ነው። በቀረጻው ላይ ያለው ጊታር ተጫዋች ማን እንደሆነ በላይና የመርሳ ሽማግሌዎች ተፈራርመው እንዲያረጋግጡላቸው። የምን ወረቀት እንደሚጠቅመኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ዓሪፍ ቢኖር ለእኔ አይነፍገኝም ነበር። እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ።

ወንድምሽ ይርጋ

መርሳ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለይርጋ

አላህ ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅህ። ገንዘቡ ደርሷል፤ ኢንሱሊን ገዝቼበታለሁ፤ አላህ ይስጥህ። ጦርነቱን ሸሽቶ ከቆቦ የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ሲሪንቃ አካባቢ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ከመኪናው ይበዛል። ማሾዬን በተገኘው ዋጋ ሸጬ ጨርሻለሁ።

የጠየቅኸውን ለሙሄዲንም ለበላይም ነግሬአለሁ። ዕቃ ሳያይ የሚፈርም ሰው መርሳ ውስጥ አላውቅም። ሙሄዲን «ዋናው ካሴት ይምጣና አባቴ በየትኛው እጁ እንደሰጠ ልይ፤ ከዚያ ስለ ሌላው እንነጋገራለን» ብሏል። እሱ ካልፈረመ ሌሎቹም አይፈርሙም። ካሴቱን ላክ፤ ያዩትን ይፈርሙልሃል።

እማዬ በየቀኑ «ከይርጋ ምን መጣ?» ትለኛለች።

ሁሪያ

ሮተርዳም፣ ነሐሴ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

እታለም ሁሪያ

እመቤቴ ማርያም ከለላ ትሁናችሁ። ስልክሽ አይሠራም። ወልድያም መርሳም ተያዘ ይባላል። በሕይወት ካላችሁ በማንኛውም መንገድ አንድ ቃል ላኪልኝ። የእትዬ ሲቲ መድኃኒት እንዴት ሆነ? በእኔ በኩል ካሴቱ በደህና አለ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መንገዱ እንዲህ ሆኖ ሳለ ብልከው ኖሮ ይጠፋ ነበር፤ አለመላኬ በጀ።

ይርጋ

ከማስታወሻዬ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

እማዬ ዛሬ ጠዋት ሞተች። ኢንሱሊኑ ካለቀ ሰንብቷል። ሙሄዲን ግራና ከተማ ድረስ በእግሩ ሄዶ መድኃኒት ቤቱን ተሰብሮ ባዶውን አገኘው። ከዙሁር በኋላ ቀበርናት፤ ሰው ጥቂት ነበር፤ ብዙው ተሰዷል።

የዓሪፍ ፎቶዎች የነበሩበት ክፍል ከነሐሴ ጀምሮ የለም። ከየት እንደተተኮሰ የማላውቀው ከባድ መሣሪያ ጣሪያውን ይዞት ወረደ፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ሁሉ ተቃጠለ። ትናንት እማዬ እጄን ይዛ «ፊቱ ጠፋብኝ ሁሪያ፤ አፍንጫው የማን ነበር?» አለችኝ። «የአባባ» አልኳት። «ዓይኑስ?» አለች። እሱማ ከእኔም ጠፍቶ ነበር።

ይርጋን አልረገምኩትም። እርግማን እሱን አይነካውም። የሚነካውን አውቃለሁ፤ ፊርማ ይፈልጋል። መሞቷን ከሰማ ለቅሶ ጽፎ፣ አልቅሶ፣ ነገሩን እዚያው ያዳፍነዋል፤ ካሴቱም አይመጣም። ስለዚህ አይሰማም።

ሮተርዳም፣ ኅዳር 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

እታለም ሁሪያ

አሁንም እየጸለይኩ ነው። ስልኩ እንደተከፈተ ይህ እንዲደርስሽ ብዬ እጽፋለሁ። አሳታሚዎቹ ወረቀቱን እየጠየቁ ነው፤ የበዓሉ ሰዎች እስከ መጋቢት ብለውኛል። መከራችሁ እንደሚቀድም አውቃለሁ፤ ግን ነገሩ እንደተረጋጋ ሽማግሌዎቹን አስታውሺልኝ። ለእትዬ ሲቲ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ይርጋ

መርሳ፣ ጥር 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለይርጋ

ሰላምታዬ ይድረስህ። ስልክና መብራት ተመልሷል፤ የጻፍካቸው ሁሉ ባንድ ጊዜ ገቡልኝ። እኔ በሕይወት አለሁ። መጋዘኔ ባዶ ነው፤ ሚዛኔን እንኳ ወስደውታል። ከሲሪንቃ አንድ ሰው በዱቤ ሽንኩርት ሰጥቶኝ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። ስለ ቤተሰቡ አንተ የምትልከው ሰው ሲመለስ በአፍ ይነግርሃል፤ በወረቀት አይሆንም።

ወደ ጉዳይህ ልግባ። ሙሄዲን አለ፤ በላይም አለ። ሁለቱም ለመፈረም ፈቃደኞች ናቸው። ካሴቱ ግን ዋናው ይሁን፤ ቅጂ አይቀበሉም፤ ቅጂ ሰው እንደሚገለብጥ አይተዋል። በምታምነው ሰው እጅ ላከው። በመጣ ቀን ተሰብስበው ያያሉ፤ ያዩትን በዚያው ቀን ይፈርማሉ። ይህን እኔ ሁሪያ አረጋግጥልሃለሁ፤ ቃሌን አጥፌብህ አላውቅም። መጋቢት ሩቅ አይደለም፤ ብታስብበት ጥሩ ነው።

ሁሪያ

ሮተርዳም፣ ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእታለም ሁሪያ

በሕይወት መኖርሽን ስሰማ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። አምላክ የተወሰደብሽን በእጥፍ ይመልስልሽ።

እሺ፣ ይሁን። የወልድያዋ ጥሩወርቅ፣ እዚህ ነርስ የሆነችው፣ አባቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። ካሴቱን ለእሷ ሰጥቻታለሁ። ሆኖም አንድ ነገር፦ ሽማግሌዎችን አታድክሚያቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዜማዎች ብቻ አሳዪያቸው። የሐጂ ተምር እዚያው ውስጥ ነው፤ ለሙሄዲን ይበቃዋል። ጥሩወርቅም ፊርማውን በእጇ ሳትይዝ ካሴቱን እንዳትለቅ ነግሬአታለሁ። አትቀየሚኝ፤ ንግድ ከአንቺ ነው የተማርኩት።

ለእትዬ ሲቲ ሻል ልኬላቸዋለሁ። ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ይወዱ ነበር።

ወንድምሽ ይርጋ

ከማስታወሻዬ፣ የካቲት 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጥሩወርቅ መጣች። ሻሉን አውጥታ «እትዬ ሲቲ የት አሉ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሻሉን ይዛ ቁጭ አለች። ከዚያ «ይርጋ ያውቃል?» አለች። «አያውቅም፤ አንቺ እስክትመለሽ አይወቅ» አልኳት። ሻሉን አጥፋ አቀበለችኝና «እንዳልሽ» አለች። ሻሉን ለጎረቤት ሰጠሁት።

መርሳ፣ መጋቢት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለይርጋ

ይህ ሲደርስህ ጥሩወርቅ ሮተርዳም ገብታለች። የሆነውን ከእሷም ትሰማለህ፤ ግን ከእኔ በወረቀት ይኑርህ።

ካሴቱን ያየነው ሙሄዲን ቤት ከሰዓት በኋላ ነው፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን። የካሴት ማጫወቻውን ዴክ ያመጣው በላይ ነው፤ ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበረው ጊዜ የሚሠራበትን። ከወልድያ በሚኒባስ ጭኑ ላይ አድርጎ መጣ። «ቴሌቪዥኔን ወሰዱት፤ ስፒከሬን ወሰዱት፤ ይሄን ግን አንዱ አንስቶ ግራ ቀኙን አየና መልሶ አስቀመጠው። እንዲህ ተንቄ አላውቅም» እያለ ሰውን አሳቀ። ቴሌቪዥኑ ከጎረቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ክርስቲያኑም እስላሙም ፍራሹን ሞልተው ተቀመጡ።

ሁለት ዜማ ብቻ አሳዪ ብለኸኝ ነበር። ሁለቱን አሳየሁ። ሐጂ ኡበይደላ ተምሩን አነሡና ሰጡ። ሙሄዲን ከፍራሹ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ ሥር ተንበረከከ። «ቀኙ ነው! አያችሁ? ቀኙ ነው!» አለ። በላይም «እኔ የተቀበልኩትስ?» አለው። «አንተማ በቀኝህ ተቀብለህ ሁለት ሰረቅህ» አለው ሙሄዲን። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ጥሩወርቅ «ሁሪያ፣ ይርጋ እዚህ ላይ አቁሙ ብሏል» አለችኝ። እኔም «ማቆሚያው ያለው በበላይ እጅ ነው፤ እሱን ጠይቂው» አልኳት። በላይ «ይሄ ዴክ አንዴ ከቆመ አይነሣም» አላት። ውሸቱን ነው። ማንም ግን አልተቃወመውም።

አዛኑ መጣ። በቀረጻው ውስጥ ያለው ሙአዚን ከሞተ ዘመን ሆኖታል፤ ድምፁን ስንሰማ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ዝም አልን፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት እንደ ቆሙ እኛም እንደ ተቀመጥን። ዓሪፍ እጁን ከክሩ አነሣ። ኮፍያውን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋው። ካሜራው ሌላ የሚያሳየው ስላልነበረው ወደ እሱ ቀረበ። አፍንጫው የአባባ ነው። ዓይኑ የእማዬ ነው። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ወደ ሴቶቹ ወንበር ዞሮ አንዷን አየና ከንፈሩን ሳይከፍት ፈገግ አለ። እማዬ ያኔ በዚያ በኩል ተቀምጣ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ወንበር የያዝኩላት።

ይርጋ፣ እማዬ ጥቅምት 9 ሞታለች። ይህን ፊት ስትጠይቅ ነው የሞተችው። ካሴቱ ያኔ ጠረጴዛህ ላይ ነበር፤ ራስህ ጽፈህልኛል። ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። ብነግርህ ካሴቱን አትልክም ነበር። አንተም እንደዚያ መሆኑን ታውቃለህ።

አዛኑ ሳያልቅ ካሜራው ወደ ታች ወረደ። ጥሩወርቅ ስልኳን ይዛ እየቀረጸች ነበር። «ይርጋ የቱ ነው?» አለች።

«ከስፒከሩ ኋላ፣ ቁጢጥ ያለው» አላት በላይ።

«ምን እያደረገ ነው?»

«ገመድ ይዟል። ሶኬቱ ላላ ብሎ ነበር፤ ከለቀቀው የጊታሩ ድምፅ ይጠፋል። ወላሂ ጎበዝ ያዥ ነበር። አዛን ላይ እንኳ እንዳልለቀቀ አየሽ?»

ማንም ሊሰድብህ አልሳቀም፤ ግን ተሳቀ። ዜማው ካቆመበት ቀጠለ፤ አንተም ይዘህ ቀጠልክ።

ሽማግሌዎቹ ቃሌን አክብረው በዚያው ቀን ፈረሙ። የጻፉት ይህ ነው፦ «በቀረጻው ላይ በግራ እጁ ጊታር የሚመታው የሲቲ ልጅ ዓሪፍ መሆኑን፣ ሐጂ ኡበይደላ ተምሩን በቀኝ እጃቸው የሰጡ መሆኑን፣ የየሺ ልጅ ይርጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የድምፅ ማጉያውን ገመድ በእጁ ይዞ መቆየቱን፣ በዓይናችን አይተን እናረጋግጣለን።» በላይና ሙሄዲን ፈርመዋል፤ ሌሎቹም ከሥር አሉ። ጥሩወርቅ ወደ ሆላንድ ቋንቋ መልሳዋለች። ከስልኳ ቀረጻ ጋር ለአሳታሚዎቹ በእጇ ትሰጣለች፤ አድራሻቸው በዲቪዲው ሳጥን ላይ አለ። ካሴቱ እኔ ጋ ቀርቷል። ፊርማ ስትይዢ ልቀቂ ብለሃት ነበር፤ ፊርማ ያዘች፤ ለቀቀች።

ሁሪያ

ሮተርዳም፣ መጋቢት 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሁሪያ

ለእትዬ ሲቲ እግዚአብሔር ነፍስ ይማር። የእናቴ እህት መሞቷን ከባዕድ አፍ እንድሰማ ስላደረጉኝ ምንም አልልም፤ እርስዎ የሚያደርጉትን ያውቃሉ።

የሙዚቃ በዓሉ ስሜን ከተጫዋቾቹ ዝርዝር አውጥቶታል። አሳታሚዎቹ የመጀመሪያውን ዲቪዲ ከየሱቁ እየሰበሰቡ ነው። አዲሱን ሳይቆረጥ፣ ሳይገለበጥ፣ ከዝምታው ጋር ሊያወጡት ነው። ሽፋኑ ላይ የዓሪፍ ፊት ይሆናል። እንኳን ደስ ያለዎት።

የምለምነው ሌላ ነው። ከፊቱ ሥር በሽፋኑ ጽሑፍ ላይ «ገመድ፦ ይርጋ» ሊሉ ነው። አስቂኝ ስለሆነ ወደውታል፤ ስለ ገመዱም ታሪክ በመጽሔታቸው አውጥተዋል። እዚህ ያለው ያገሬ ሰው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይቀር «ገመዱ» እያለ ይጠራኛል። ልጄ ትምህርት ቤት ሰምታ መጣች። የዓሪፍን ቦታ አልፈልግም፤ አጥፍቻለሁ። ነገር ግን ስሜ ጨርሶ ይውጣ። ሽማግሌዎቹ ይርጋ የሚባል ሰው እዚያ አልነበረም፣ ተሳስተን ነው ብለው አንድ ወረቀት ይፈርሙልኝ። በእትዬ ሲቲ አጥንት ይዤዎታለሁ።

ይርጋ

መርሳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለይርጋ

እኔን አንቱ ማለትህን አይቻለሁ። ማንም አላዘዘህም፤ ግን ይቆይ።

ደብዳቤህን ሙሄዲን ቤት ወስጄ ከኢፍጣር በፊት ለሁሉም አነበብኩላቸው። ከወልድያ በላይም መጥቶ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሙሄዲን «ነበረ እኮ» አለ። በላይ «እሱ ባይኖር ጊታሩ አይሰማም ነበር፤ እንዴት አልነበረም እንላለን?» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አሁን ደግሞ በውሸት አልነበረም ብለን ልንፈርም ነው?» ብሎ ተቆጣ። ያልሠራኸውን ሠራ ብለው አልፈረሙልህም፤ የሠራኸውንም አልሠራም ብለው አይፈርሙልህም። ወረቀት የለም።

ለልጅህ ሥራው አሳፋሪ እንዳልነበረ ንገራት። እውነት ነው፤ አሳፋሪ አልነበረም። ያሳፈረህ እሱ አለመሆኑንም ንገራት። እሷን ስለሚያሳዝናት እኔም አዝናለሁ፤ ላንተ ግን አላዝንም።

በእማዬ አጥንት ስለያዝከኝ ዛሬ መቃብሯ ሄጄ ነበር። የዓሪፍን ፊት እኔ እስካለሁ መርሳ ያያል። እሷ አላየችውም። ይህን የሚመልስልኝ ካገኘህ ያኔ ስለ ስምህ ጻፍልኝ። እስከዚያ ስምህ በዓሪፍ ፊት ሥር፣ ባለበት ቦታ ይቀመጣል፤ ሰው ባየው ቁጥር ያነበዋል።

አዲሱ ሲወጣ ለእኛ አትላክ። ዋናውን እናያለን።

ሁሪያ፣ የሲቲ ልጅ